ዘግይቶ የሚመጣው ትከሻ

ሒክማ የሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ተደግፋ መልእክቱን ስታነብ ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

«‘ወርቅውሃ በጣም አሪፍ አድርጋ ጨፈረች፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ’ ብለሽ ጻፍሽ» ይላል። «እሺ። እኔ ግን ምንም አላየሁም። ጨፈረች ብለሽ ነገርሽኝ እንጂ አላስጨፈርሻትም።»

የጻፈላት አኒስ ነው። አኒስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ቴሌግራም ላይ ወይናምባ የምትባል የሌለች መንደር የፈጠረ ልጅ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ያሉ ወጣቶች መንገድ ሲዘጋ፣ ተኩስ ሲሰማ፣ ከቤት መውጣት ሲያስፈራ በየስልካቸው ወይናምባ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አንድ የመንደሩን ሰው ይሆናል። አንዱ ቄስ ነው፣ አንዷ ጠጅ ጣይ ናት፣ አንዱ ደግሞ በሬው የጠፋበት ገበሬ። የሆኑት ሰው ያደረገውንና የተናገረውን ተራ በተራ ይጽፋሉ። ድምፅ መላክ ክልክል ነው፤ ፎቶም እንዲሁ። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራም የለም። ሰሞኑን መንደሯ ሰርግ ላይ ነበረች፤ ሒክማም ወርቅውሃ የምትባለውን ዝነኛ ጨፋሪ ለመሆን ጠይቃ ተፈቅዶላታል። እሷ ራሷ ሰው ፊት ወጥታ ጨፍራ አታውቅም። የጠየቀችውም ለዚያው ይሆናል።

ስልኩን አስቀመጠችና ወደ ሱቁ ጓዳ ዞረች። እዚያ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ፅዮን የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። ፅዮን እነሱ ዘንድ መሥራት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። የሒክማ አባት ዐብዱረሕማን የስፌቱን ሥራ ሰጣት፤ እናቷ ኩልሱም ደግሞ አዲስ ዓለም ካለው ግቢያቸው ትንሿን ክፍል ለቀቀችላት። ከጭልጋ በኩል መምጣቷን ተናግራለች፤ ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም።

«ፅዮን፣ እስክስታ ትችያለሽ?»

«የማይችል አለ እንዴ?» አለች ፅዮን መኪናውን ሳታቆም።

«እስኪ አሳዪኝ።»

«እዚህ? አያ ዐብዱ ቢመጡስ?»

«አባ መስጊድ ነው፤ ቶሎ አይመጣም። እባክሽ!»

ፅዮን ሳቀች። ተነሥታ የቆርቆሮውን በር እስከ ግማሽ ድረስ ዝቅ አደረገችና ጣቃዎቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ቆመች። ሒክማ ባንኮኒውን በጣቶቿ እንደ ከበሮ መታችላት። ጥቂት ቆይታ ግን እጇ ፈዞ ቀረ። ይህችን በየቀኑ የምታያትን፣ አንገቷን ደፍታ ዘርፍ የምትቀመቅመውን ልጅ ከዚያ በፊት አይታት የማታውቅ መሰላት።

«ከየት ነው የሚጀምረው?» አለቻት ሲያበቃ።

«ከትንፋሽ። ሰው ትከሻ ይመስለዋል። ትከሻ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዝም ትያለሽ፤ ከበሮው እስኪለምንሽ።»

«ቀኝሽስ ምነው ይዘገያል?»

ፅዮን ትከሻዋን ዳሰሰችው። «ልጅ ሆኜ ከበቅሎ ወድቄ ነው። ወጌሻው አጣሞ ጠገነኝ። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ኋላ ግን ሰርግ ላይ የዘገየውን ትከሻ ቆመው ይጠብቁት ጀመር።»

ሒክማ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ ወይናምባ ላይ የለቀቀችው ይህን ነበር፦

«ወርቅውሃ ከሰው መሃል ወጣችና ቆመች። እጆቿን ወገቧ ላይ አኖረች። ከበሮው ደጋግሞ ጠራት፤ ዝም አለችው። አንዲት አሮጊት ‘አመማት እንዴ?’ አሉ። ከዚያ አፍንጫዋ ሰፋ፣ ደረቷ ትንፋሽ ሞላ፣ ግራ ትከሻዋ ብቻውን ብድግ አለ። ቀኙ አልተነሣም። ሰዉ መተያየት ሲጀምር ቀኙ ከኋላ መጣ። ጓደኞቹ ጥለውት እንደሄዱ ልጅ እየሮጠ ደረሰ፣ ግራውን ገፍቶ አለፈው፣ መልሶ ደግሞ ጠበቀው። አገጯ ወደ ጎን ሸሸ። የአንገቷ ድሪ ደረቷን መትቶ ተነሣ፤ ተመልሶ ሳያርፍ ሌላው ምት ያዘው። እግሮቿን ያየ፣ በር ላይ ቆማ ሰው የምትጠብቅ ሴት ናት ይላል። ከወገቧ በላይ ግን እሳት ላይ የተጣደ ውሃ ናት። ትንፋሿ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ድንገት ‘እስስስ!’ አለች። ያኔ ነው እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንደነበር ያወቅነው።»

ቡድኑ ተናወጠ። ጠጅ ጣይዋ ማንቆርቆሪያዋን መጣሏን ጻፈች። ቄሱ ሳያስቡት ትከሻቸውን ነቅንቀው ደንግጠው መቋሚያቸውን ጨበጡ። አኒስ «አሁን አየኋት!» አለና ጽሑፉን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከላይ ሰቀለው። ብዙዎቹም ወደ ሌሎች ቡድኖች አጋሩት። ሒክማ በደስታ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ዝም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ነጋሪት በሚል ስም የሚጫወተው የሰርጉ ከበሮ መቺ ነው። ብዙ ቆይቶ አንዲት መስመር ጻፈ፦ «ከበሮ መቺው ከበሮውን አወረደ።» ወዲያው ደግሞ ለብቻዋ መልእክት ላከላት።

«ሸጋ ጽሑፍ ነው። ከራስሽ ነው ወይስ አይተሽ?»

«አይቼ ነው» ብላ መለሰች። ደስታዋ አልበረደም። «አብራን የምትሠራ ልጅ አለች። ስፌት ነው ሥራዋ። ስትጨፍር ብታያት ታብዳለህ!»

«ጎንደር?»

«አዎ።»

ስልኩ «እየጻፈ ነው» አለ፣ ተወው፣ እንደገና «እየጻፈ ነው» አለ።

«ከበቅሎ የወደቀች ናት?»

ሒክማ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። ስለ በቅሎ ምንም አላለችም።

«አንተ ማን ነህ?»

«በቅሎዋን ስስብ የነበርሁት እኔ ነኝ። ወንድሟ ዋሴ ነኝ። አሁን ሳንጃ፣ ሰሊጥ መጋዘን ነው የምሠራ። የእኅቴ ስም ብርነሽ ነው። ሞታለች ብለውናል። እባክሽ፣ የት እንዳለች ንገሪኝ።»

ሒክማ እንባዋ መጣ። ሞታለች የተባለች እኅት በእሷ ጽሑፍ ተገኘች! ስልኳን እንደያዘች ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ፅዮን! ወንድምሽን አገኘሁልሽ! ዋሴን!»

የስፌት መኪናው ወዲያው አልቆመም። የፅዮን እግር መርገጡን ቀጠለ፤ መርፌው ከመስመር ወጥቶ ጨርቁ መሃል ላይ ጠማማ ስፌት ሰፋ። ከዚያ ቆመ። ፅዮን ተነሥታ ሳትናገር ሄደችና የቆርቆሮውን በር እስከ መሬት አወረደችው።

«ማን ነው ስሙን የነገረሽ?»

ሒክማ ስልኩን ሰጠቻት። ፅዮን ቆማ አነበበች። ጨርሳ እንደገና አነበበች።

«ስሜ ብርነሽ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አስናቀው የሚባል ባል አለኝ። ጠመንጃ ያለው ሰው ነው። ሲጠጣ በሰደፉ ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ ጊዜ ስጠፋ አይከል መናኸሪያ ድረስ ደርሼ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ነበር። ዋሴ ነው የደረሰብኝ። እጄን ይዞ አወረደኝና ወስዶ ለአስናቀው አስረከበኝ። ከዚያ በኋላ የሆንሁትን አልነግርሽም። ሁለተኛ ጊዜ ስጠፋ ለእናቴም አልነገርሁ። አስናቀው ባገኛት ሬሳዋን ነው የምትወስዱ ብሎ በአደባባይ ምሏል።»

ፅዮን ስልኩን እንደያዘች ወደ ሒክማ ተጠጋች።

«ምን ምን አልሽው? ሁሉንም ንገሪኝ።»

«ያነበብሽውን ብቻ። ስፌት እንደምትሠሪ… ጎንደር እንዳለሽ። ሱቁን አልነገርሁትም።»

ፅዮን ሒክማ ቴሌግራም ላይ የምትጠቀምበትን ስም ነካችው። ሒክማ ቀለማቸው ስላማራት ለመለያ ያደረገችው ፎቶ ብቅ አለ። የሱቃቸው መደርደሪያ ነው፤ ከላይ በትልቁ የአባቷ ስም ያለበት ሰሌዳ ግማሹ ይታያል።

«ነግረሽዋል» አለች ፅዮን።

ሒክማ ፎቶውን አጠፋች። ጽሑፉን አጠፋች። አኒስ ወዲያው ጻፈላት፤ «ምን ነካሽ? ከወይናምባ ሁሉ የሚበልጠውን ጽሑፍ?» ምክንያቷን ልትነግረው አልቻለችም። «ለምኜሃለሁ፣ ያጋሩትንም አስጠፋልኝ» አለችው። እሱም የሚችለውን ያህል ሞከረ። ግን ጽሑፉ እሷ በማታውቃቸው ቡድኖች ውስጥ ሲዞር ውሏል፤ አንዱ «የጭልጋ እስክስታ» የሚል ርእስ ጨምሮበታል።

በማግስቱ ሌላ ነገር አሰበች። ወርቅውሃን እንደገና አስጨፈረቻት። አሁን ግን ሁለቱንም ትከሻ እኩል አስነሣች፣ እኩል አስወረደች። አገጩን ወደ ፊት፣ እግሩን ወደ ኋላ አደረገች። የጻፈችውን ስታነበው እዚያ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የሱቅ አሻንጉሊት ነበር። በታቹ «ትናንት የጻፍሁት ፈጠራ ነው፣ እንዲህ የምትጨፍር ሴት አላውቅም» ብላ ጨመረች።

ዋሴ ለብቻዋ መለሰላት። «ይሄኛው ውሸት ነው። ያኛው እውነት ነው። ምነው ሸሸሽኝ? መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ።»

ከሳንጃ ወደ ጎንደር የሚመጣው መንገድ ትክል ድንጋይ አካባቢ በነበረው ውጊያ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ሒክማ መንገዱ እንዳይከፈት ዱዓ አደረገች። ወዲያው ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ሕመምተኛ ይዘው የቆሙትን ሰዎች አሰበችና አፈረች። ዱዓዋን ግን አልመለሰችውም።

ለአባቷ የነገረችው ከምሳ በኋላ፣ እጁን እየታጠበ ሳለ ነው። ዐብዱረሕማን ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ጆጉን አስቀምጦ ፅዮንን አስጠራት።

«ልጄ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መሄድ ነው የምፈልግ፣ አያ።»

«እዚሁ ብንጠብቅሽስ? ሰው አለን፣ ጎረቤት አለን።»

«ጠመንጃ ይዞ ቢመጣ እርስዎን ነው የሚያስቀድም። እኔ በዚህ ቤት ላይ ደም አላመጣም።»

ዐብዱረሕማን ጢሙን አሸ። «በደባርቅ መንገድ በኩል የማውቃቸው ነጋዴዎች አሉ። ሱቅና ስፌት ያላቸው፣ የታመኑ ሰዎች ናቸው። አድርሼሽ እመለሳለሁ።»

«የትኛው ከተማ እንደሆነ ለሒክማ አይንገሯት» አለች ፅዮን። ሒክማ እዚያው አጠገቧ ቆማ ነበር። ፅዮን ወደ እሷ ዞረች። «ክፉ ሆነሽ አይደለም። ያየሽውን መደበቅ አትችይም፤ ለዚያ ነው።»

ኩልሱም ልጇን አየቻት፤ ተቆጥታ ሳይሆን እንዳዘነች። ሒክማ ቁጣዋን በመረጠች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በዐብዱረሕማን መኪና ወጡ። ሒክማ እስከ ኮሶዬ ልሸኝ ብላ ስለለመነች አብራ ሄደች። ዳገቱን ሲወጡ ጉሙ መንገዱን እየዋጠው ሄደ። ኬላው ላይ ወታደሮች አስቁመው መታወቂያ ጠየቁ። የፅዮን መታወቂያ ላይ ያለው ስም ብርነሽ ነበር። ሒክማ ያን ስም ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማችው ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ወታደሩ መለሰላትና አለፉ።

ኮሶዬ ላይ ከመንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁርስ ገቡ። ፅዮን ፍርፍሩን ጀምራ ተወችው። ጋቢዋን ሁለት ጊዜ አጥፋ ትከሻዋ ላይ ከምራለች፤ ብርድ ቢሆንም ለብርዱ ብቻ አይመስልም ነበር።

«አሁን የምትሄጂበት ቦታ ሰርግ ይኖራል» አለች ሒክማ።

«አልጨፍርም።»

«ለምን? እዚያ ማን ያውቅሻል?»

«ስሜን ቀይሬ ነበር። አነጋገሬንም ቀይሬ ነበር። ሰው በፊቱ ይታወቃል፤ እኔን የሚያጋልጠኝ ትከሻዬ ነው። ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ አጨበጭባለሁ።»

ሒክማ አለቀሰች። ፅዮን እጇን ያዘቻት፤ ግን ጠበቅ አላደረገችውም። ዐብዱረሕማን ወደ ጎንደር የሚወርድ ሚኒባስ አስቁሞ ልጁን አሳፈራት። ከመስኮቱ ወደ ኋላ ስትመለከት መኪናው ወደ ላይ፣ ወደ ጉሙ ገባ።

ዋሴ የመጣው የሒክማ አባት ሳይመለስ ነው። መንገዱ በተከፈተ ቀን፣ ሒክማና ኩልሱም ሱቅ ውስጥ ሳሉ፣ አንድ ቀጭን ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ጃኬቱ አቧራ ለብሷል። ዓይኑ ሰሌዳውን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ሒክማ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ የምትጽፊው?»

«አዎ።»

«ዋሴ ነኝ። የት ናት?»

«እዚህ የለችም።»

«ልመልሳት አልመጣሁም። በእናቴ ይዤሻለሁ። እናታችን ታማለች። ከሞተች እርሜን ላውጣ፣ ካለች ድምፅዋን ልስማ ነው የምትል። ያን ጽሑፍ አነበብሁላት። ትከሻው ላይ ስደርስ ‘ልጄ ናት፣ ልጄ አለች’ ብላ ከአልጋዋ ተነሣች።» ዋሴ ባንኮኒው ላይ ክንዱን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኩልሱም ውሃ አመጣችለት። «ተቀመጥ ልጄ፣ ጠጣ» አለችው።

ሒክማ አንድ ቃል ብትናገር፣ የደባርቅ መንገድ ብቻ ብትል፣ ይህ ሰው ለታመመች እናቱ የሚወስደው ነገር ያገኛል። ነገር ግን ጠየቀችው።

«አስናቀው ያውቃል?»

ዋሴ ብርጭቆውን አየ። «እኔ አልነገርሁትም።»

«ማን ነገረው ታዲያ?»

«ነገረው አላልሁም። ለእናቴ ያነበብሁላት በስልክ ነው፤ ስልኩ የጎረቤት ነው። ማን ማን ቆሞ እንደሰማ አላውቅም።»

«አይከል መናኸሪያ እጇን ይዘህ ያወረድሃት አንተ ነህ?»

ብርጭቆው ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ። «ነገረችሽ?» አለ ዋሴ። «አባቴ ነው የላከኝ። የዚያን ጊዜ… ሽማግሌዎች ይቅር ይባባሉ ብለው ነበር።» ቀና ሲል በጓዳው በኩል የስፌት መኪናውን አየ። መርፌው ሥር ያላለቀ ቀሚስ እንዳለ ነበር። ሳያስፈቅድ ሄዶ ጨርቁን ዳሰሰው።

«የእሷ ወንበር ነው?»

«የት እንደሄደች አላውቅም» አለች ሒክማ። እውነቷን ነበር፤ ግን እንደ ውሸት ተሰማት። «ባውቅም አልነግርህም።»

ዋሴ ራሱን ነቀነቀ። ለኩልሱም እጅ ነሥቶ ወጣ። ሒክማ በሩ ድረስ ተከተለችው። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ለማየት ግራና ቀኙን ቃኘች፤ ማንም አልነበረም። ዋሴ ግን ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቆመና ስልክ አወጣ። ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገረ። ምን እንደሚል አይሰማም። ለእናቱ ይሆናል። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ዐብዱረሕማን ተመለሰ፤ «ደኅና ናት» ብሎ ሌላ አልጨመረም። ኩልሱም ለጥቂት ሳምንታት የሱቁን በር በጊዜ ታስዘጋ ነበር። አስናቀው አልመጣም። ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሒክማ ጠመንጃ የያዘ የማታውቀው ሰው ባለፈ ቁጥር የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን አስቀምጣ በሩን ታያለች። አኒስ «ወርቅውሃ የት ጠፋች? ሰርጉ ቀዘቀዘ» እያለ ይጽፍላት ነበር። ከወይናምባ ወጣች።

ሰኔ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ የአባቷ ስልክ ጠራ። አባቷ ሰላምታ ተለዋውጦ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ ሳትጠብቀው ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋ። «አንቺን ነው።»

«ሒክማ» አለች ፅዮን። ድምፅዋ ቅርብ ነበር።

«ፅዮን! ደኅና ነሽ? በአላህ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። ስፌት ይዣለሁ። ዋሴ መጥቶ ነበር አሉኝ።»

«መጥቶ ነበር። እናትሽ ታመዋል ብሏል። አልነገርሁትም፣ ምንም አልነገርሁትም።»

«ብቻውን ነው የመጣው?»

«ብቻውን። እኔ እስካየሁት ድረስ።»

ከፅዮን ኋላ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ሰው ይሰፋል።

«አለቀሰ?»

«አዎ፣ ብዙ አለቀሰ» አለች ሒክማ። ልቧ በተስፋ ተነሣ። «የእውነቱን ይመስለኛል፣ ፅዮን። የተጸጸተ ይመስለኛል።»

«የእውነቱን ነው» አለች ፅዮን። «ከአይከል ሲመልሰኝም መንገዱን ሙሉ እያለቀሰ ነበር።»

ፅዮን ስለ ኩልሱም ጉልበት ሕመም ጠየቀች፤ ዝናቡ ጎንደርን ይዟት እንደሆነ ጠየቀች። «እናቴን ግን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «በይ፣ ስልኩን ለአያ ስጪልኝ» አለች።